ጥቅሱ ወደ ኅዳግ ይውጣ፦ የአማርኛና የዕብራይስጥ ማስታወቂያ ጠርዝ አስተካከል

በእስራኤል፣ በሐዴራው ቤት ኤሊዔዘር ሰፈር ለሲግድ በዓል ማስታወቂያ የሚያዘጋጅ ሰው ለሁለት ዓይነት አንባቢ ይሠራል፤ አማርኛ ለለመዱት ሽማግሌዎችና በዕብራይስጥ ለተማሩት ልጆቻቸው። አማርኛው ከግራ፣ ዕብራይስጡ ከቀኝ ስለሚነሣ ገጹ ሁለት ቀጥ ያሉ ጠርዞች ይፈልጋል። መስመሩ በትእምርተ ጥቅስ ሲጀምር ግን ጠርዙ ይሰበራል። ምልክቱ ከፊደል ይልቅ ሳሳ ያለ ነውና ዓይን ክፍተት ያያል፤ መስመሩም ወደ ውስጥ የገባ ይመስላል። ስለዚህ ምልክቱን ወደ ኅዳጉ አውጥተን ፊደልን ከፊደል ጋር እናሰልፋለን። ዘዴው የቆየ ነው፤ ጉተንበርግ እ.ኤ.አ. በ1450ዎቹ ባተመው መጽሐፍ ቅዱስ በመስመር መጨረሻ የሚውሉትን ሰረዞች ከዓምዱ ጠርዝ ውጭ አስቀምጧቸዋል።

በኢንዲዛይን ጽሑፉ ላይ ጠቋሚውን ያኑሩና ከ‹ታይፕ› ዝርዝር ‹ስቶሪ› የሚለውን ይክፈቱ። ‹ኦፕቲካል ማርጂን አላይንመንት› ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ከሥሩ ባለው ቁጥር የፊደሉን መጠን ያስገቡ። ጽሑፉ 12 ነጥብ ከሆነ 12 ይጻፉ። ትእዛዙ ተያይዞ የሚፈሰውን ጽሑፍ በሙሉ ይነካል፤ እንዲቀር የሚፈልጉት አንቀጽ ካለ በአንቀጽ ሰሌዳው ዝርዝር ‹ኢግኖር ኦፕቲካል ማርጂን›ን ይምረጡ። በፎቶሾፕ ደግሞ ጽሑፉ በሳጥን ውስጥ የተጻፈ ይሁን፤ ከአንቀጽ ሰሌዳው ዝርዝር ‹ሮማን ሃንጊንግ ፐንክቹዌሽን› ይመረጣል።

ስሙ እንደሚናገረው ይህ የፎቶሾፕ ትእዛዝ ለላቲን ምልክቶች የተሠራ ነው። ስለዚህ «» እና ። በእርግጥ ወጥተው እንደሆነ ገጹን አጉልተው፣ መሪ መስመር ስበው ይመርምሩ። ካልወጡ በእጅ ይሥሩ፤ ለርእስ እኔ የማምነው ይህንኑ ነው። በኢንዲዛይን ከ« በፊት ከ‹ኢንሰርት ዋይት ስፔስ› ዝርዝር ቀጭን ባዶ ቦታ ያስገቡ። ተራውን ክፍተት አይጠቀሙ፤ በሁለቱም ጠርዝ በተስተካከለ አንቀጽ ውስጥ ይለጠጣልና። ጠቋሚውን በባዶው ቦታና በምልክቱ መካከል አቁመው ‹ኦልት›ን (በማክ ‹ኦፕሽን›ን) ተጭነው የግራ ቀስቱን ይምቱ፤ ከምልክቱ ቀጥሎ ያለው ፊደል ከታችኛው መስመር ፊደል ጋር ሲገጥም ያቁሙ። ይህ ዘዴ ለአንቀጽ መነሻ ብቻ ነው፤ በረጅም ጽሑፍ መሀል አይሞክሩት፤ አንድ ቃል ቢጨመር መስመሮቹ ይዛወራሉና።

አራት ነጥብ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ከጥቅስ ምልክት ይከብዳል፤ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ከጽሑፉ የተነጠለ ይመስላል። ግማሹን ያህል ማውጣት ይበቃል። መሀል ላይ በሚቀመጥ ርእስ ግን ከነጭራሹ ይተውት፤ ርእሱን ወደ ግራ ይገፋዋል።

ለዕብራይስጡ በመጀመሪያ የአንቀጹን አቅጣጫ ከቀኝ ወደ ግራ ያድርጉ፤ የመክፈቻው ጥቅስ የሚወጣው ወደ ቀኝ ኅዳግ ነው። የሁለቱን ቋንቋዎች ሳጥኖች ጎን ለጎን ካስቀመጡ የአማርኛው በግራ፣ የዕብራይስጡ በቀኝ ይሁን፤ ያኔ ሁለቱም ጥቅሶች ወደ ውጭ ይወጣሉ፣ በመሀል አይጋጩም።

የወጣው ምልክት ከሳጥኑ ውጭ ስለሚቆም ሳጥኑን ከወረቀቱ መቁረጫ ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ያርቁ። ወደ ማተሚያ ቤት ከመላክዎ በፊት አንድ ቅጂ በትክክለኛው መጠን አትመው፣ ግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ ሽማግሌዎቹ ከሚያነቡበት ርቀት ይመልከቱት።