የቤተሰባችን ሐኪም ማን ነው?

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ኮሶዬ ይደርሳል። አገሩ ደጋ ነው። ጠዋት ጉም ከገደሉ ሥር ይነሣና ቤቱንም ማሳውንም ይሸፍነዋል። ብርድ ስላለ እሳት ቤት ውስጥ ይነዳል። ጢሱ ለማንም አይበጅም፤ በተለይ ግን የሕፃናትን ሳምባ ይጎዳል።

በዚህ አገር የሚኖር አንድ ገበሬ እናስብ። የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አለችው። ልጅቱ ሰኞ ማታ ማሳል ጀመረች። ማክሰኞ አተኮሳት። «ብርድ ነው፤ ይለቃታል» ተባለ። ረቡዕ ትንፋሿ ቶሎ ቶሎ ይል ጀመር፤ ወተቱንም እምቢ አለች። ሐሙስ ጠዋት አባት አንድ በግ ሸጠ። ልጁን አቅፎ መኪና ላይ ወጣና ጎንደር ገባ። ሲጠይቅ ሲጠያይቅ ቆይቶ አንድ ሐኪም ዘንድ ደረሰ።

«አባቴ፣ ሕመሙ ከጀመራት ስንት ቀን ሆነ?» አለው ሐኪሙ።

«ሦስት፣ አራት ቀን ይሆናል ዶክተር።»

«ክትባቷን ጨርሳለች?»

«እሱን እናቷ ታውቃለች።»

«ከዚህ በፊት እንዲህ ታማ ታውቃለች? ምን መድኃኒት ተሰጣት?»

«አንድ ነጭ ኪኒን ነበር መሰለኝ።»

ሰውየው አልዋሸም። የሚያውቀውን ተናገረ። ነገር ግን ሐኪሙ ከጠየቀው ውስጥ ብዙው ተጽፎ የተቀመጠበት ቦታ ነበረ። እሱም የቀበሌው ጤና ኬላ ነው። ገበሬው ወደ መኪና መንገድ ሲወርድ በደጁ አልፎ ነው የሄደው።

ልጅቱ ተረፈች እንበል። በጉ ግን ሄዷል። ሦስት ቀንም ባክኗል። የሳምባ ምች ለያዘው ሕፃን ሦስት ቀን እጅግ ብዙ ነው።

በሌላ አገር «የቤተሰብ ሐኪም» የሚባል ባለሙያ አለ። ይህ ሐኪም የሚያክመው ዓይን ብቻ ወይም ልብ ብቻ አይደለም። አባትን፣ እናትን፣ ልጅን፣ አያትን ያውቃል። ሲታመሙም ሳይታመሙም ያያቸዋል። በኩባ አገር እ.ኤ.አ. በ1984 አንድ ሐኪምና አንዲት ነርስ በየሰፈሩ እየኖሩ 120 ያህል ቤተሰብ እንዲጠብቁ የሚያደርግ ሥራ ተጀምሮ ነበር። በአገራችንም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2005 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕክምና ትምህርት ጀመረ። ትምህርቱ ሐኪም ለሆነ ሰው ሌላ ሦስት ዓመት የሚፈጅ ነው። እንዲህ የተማሩት ገና ጥቂት ናቸው። እንግዲህ በትንሽ ከተማና በገጠር የምንኖር ሰዎች የቤተሰብ ሐኪም ከየት እናምጣ?

መልሱ አጠገባችን አለ፤ ስሙ ብቻ ሌላ ነው። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በኢትዮጵያ ተጀመረ። ለአንድ የገጠር ቀበሌ፣ ማለት ለ5,000 ሰው ያህል፣ አንድ ጤና ኬላና ሁለት ባለሙያዎች እንዲኖሩት ታቀደ። ባለሙያዎቹ ሴቶች ናቸው። እነዚህ ልጆች ዶክተር አይደሉም፤ እነሱም ነን አይሉም። ግን ቤት ለቤት ይሄዳሉ። በጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ማህደር ያስቀምጣሉ። ማህደሩ የቤተሰቡን ስም ዝርዝር፣ የክትባትና የእርግዝና ክትትል ይይዛል። በአንዳንድ ቦታ ይህ ወረቀት ወደ ታብሌት እየተዛወረ ነው። ቤተሰብን በስም የሚያውቅ፣ ታሪኩንም ጽፎ የሚያስቀምጥ ባለሙያ እንግዲህ ይኸው ነው።

ብዙ ሰው ግን ይህን አይገምትም። ባለሙያዋ ስትመጣ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ።

«ቤቶች! እንደምን አደራችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ልጄ፣ የታመመ ሰው የለ፤ ምን አመጣሽ?»

«የታመመ ሳይኖር ልምጣ ብዬ ነው እትዬ። የሕፃኗን የክትባት ካርድ ያሳዩኝ።»

«ኧረ የት ገብቶ ይሆን! አይጥ በልቶት ይሆናል።»

ካርዱ አይጥ የሚበላው ተራ ወረቀት አይደለም። ከመሬት ደብተራችሁ ጋር አንድ ላይ ይቀመጥ።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሕፃናትን የሳምባ ምች በጤና ኬላ እንዲያክሙ ተደርጓል። ባለሙያዋ የሕፃኑን ልብስ ገልጣ፣ ሰዓት ይዛ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ትቆጥራለች። ዕድሜው ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት የሆነ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳምባ ምች ያጠራጥራል። ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ለሆነው ደግሞ ቁጥሩ 40 ነው። ቁጥር ያወቀና ሰዓት ያለው ወላጅ ይህን ራሱ መቁጠር ይችላል። ሕፃኑ ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ ግን ነገ አይባልም። ሁለት ወር ያልሞላው ጨቅላ ሲታመምም እንዲሁ ነው።

ከጤና ኬላው በላይ ጤና ጣቢያ አለ። በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ ለ25,000 ሰው ያህል እንዲሆን የታቀደ ነው። እዚያ ነርስ፣ አዋላጅና ጤና መኰንን ይገኛሉ። ሰው ጤና መኰንኑንም «ዶክተር» ይለዋል፤ ክፋት የለውም። የጤና መኰንን ትምህርት የበቀለው በዚሁ በአገራችን ነው። ደምቢያ ውስጥ ወባ ገብቶ በሺ የሚቆጠር ሰው ጨረሰ። ሐኪም በአገሩ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኰንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች አንድ ላይ ተምረው ወደ ገጠር ወጡ። ያ ኮሌጅ ነው አድጎ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው።

ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ማስተላለፊያ ወረቀት ጽፎ ወደ ሆስፒታል ይልካል። ሰዉ ይህን «ሪፈር» ይለዋል። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ በዚህ ቅደም ተከተል መሄድ አለበት። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ በኋላ ወደ ሌሎችም ወረዳዎች ተስፋፋ። ቤተሰቡ መዋጮውን በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ሲታመም በግ አይሸጥም። ወሊድና የሕፃናት ክትባት ግን አባል ላልሆነውም በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ነው።

እውነቱን እንነጋገር። ጤና ኬላው ተዘግቶ የሚገኝበት ቀን አለ። መድኃኒት የሚያልቅበት ጊዜም አለ። ይህን ያየ ሰው «ምን ያደርግልኛል» ብሎ ይቀራል። መንገድ በተዘጋ ጊዜ ግን ጎንደር ሩቅ ናት፤ ያኔ ሰው የሚቀረው የቅርቡ ባለሙያ ብቻ ነው። ስለዚህ ኬላው የሚከፈትበትን ቀን ጠይቁ። ተዘግቶ ከሰነበተ በቀበሌ ስብሰባ ላይ አንሡት። ስለ ማዳበሪያ የምንጮኸውን ያህል ስለዚህ ስንጮህ አይሰማም።

ስለ ኮሶም አንድ ነገር እንበል፤ የኮሶዬ ስም ራሱ ዛፉን ያስታውሳልና። ኮሶ የአባቶቻችን የቤተሰብ ሐኪም ነበረ ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም። የሴቴው ዛፍ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ ሲጠጣ ትሉን ያስወጣል። መድኃኒትነቱ እውነት ነው። ነገር ግን መጠኑ በእፍኝ እንጂ በሚዛን አይደለም። ሲበዛ ዓይን ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡርን ያስወርዳል። ኮሶ የጠጣ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ይናገር፤ አያሳፍርም። ጠበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ ኪኒኑን ግን አያቋርጥ።

አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። ቀጠሮው የተጻፈበትን ካርድ ለጎረቤት ልጅ ማስነበብ ቀርቷል። «በቀን 2 ጊዜ፣ ለ5 ቀን» የሚለውን ራሳችሁ ታነቡታላችሁ። እንግዲህ እርሳስ አንሡና የሚከተለውን በደብተራችሁ ጻፉ። ባዶውን ቦታ የማታውቁት ከሆነ ነገ ጠይቃችሁ ሙሉት። የአምቡላንሱን ስልክ ግን በበሩ ላይ በከሰል ጭምር ጻፉት።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያችን ስም ________ ነው።
ጤና ኬላው የሚከፈተው ________ ቀን ነው።
የጤና ጣቢያው ስም ________ ነው።
የአምቡላንሱ ስልክ ቁጥር ________ ነው።
የልጆቼ የክትባት ካርድ የተቀመጠው ________ ውስጥ ነው።