ትምህርት 6፦ የልደቱን ብርሃን ለሌላው ማካፈል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

ባለፈው ትምህርታችን ስለ ጾመ ነቢያት ተምረናል። ነቢያት የጌታን መምጣት በተስፋ እየጠበቁ እንደ ጾሙ፣ እኛም ከኅዳር 15 ቀን ጀምረን የልደትን በዓል በጾምና በጸሎት እንደምንቀበለው አይተናል። ዛሬ ደግሞ ጾሙ ስለሚፈታበት ሌሊት እንማራለን።

የጌታችን የልደት በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን ይከበራል። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። ለምን እንደዚህ እንደሚሆን መምህራችሁ በሰሌዳ ላይ ቆጥረው ያሳዩአችሁ፤ በጣት እየቆጠሩ መድረሱ ደስ ይላል።

በዚያ ሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው ጧፍ ይዘን ነው። ጧፍ እንዴት እንደሚሠራ አይታችኋል? የጥጥ ፈትል ይዘጋጃል፣ ሰም ይቀልጣል፣ ፈትሉ በቀለጠው ሰም እየተነከረ ይወጣል። ሰሙ ሲጠነክር ቀጭን ጧፍ ይሆናል። እንግዲህ አስቡ፤ ጥጡን ገበሬ አምርቶታል፣ ፈትሉን አንዲት እናት ፈትላዋለች፣ ለሰሙም ንብ ከአበባ አበባ ስትዞር ደክማለች። በእጃችሁ የያዛችኋት ያቺ ትንሽ ጧፍ የብዙዎች ድካም ናት።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በበራው ጧፋችሁ የሌላውን ጧፍ ብታበሩለት የእናንተ ብርሃን ይቀንሳል? አይቀንስም። ዳቦ ቢሆን ግማሹን ስትሰጡ የሚቀራችሁ ግማሹ ነው። ብርሃን ግን ቢሰጡት አያልቅም፤ እንዲያውም ቅጽሩ ሁሉ ይደምቃል። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንትም ወልድ ከአብ እንዴት እንደ ተወለደ ሲመሰክሩ ብርሃንን ምሳሌ አድርገዋል። ብርሃን ከብርሃን ሲገኝ የመጀመሪያው እንደማይጎድል፣ እንዲሁ ወልድ ከአብ ሲወለድ አብ አልጎደለም፣ ወልድም ከአብ አላነሰም። በእርግጥ ምሳሌ ሁልጊዜ ከእውነተኛው ነገር ያንሳል፤ ቢሆንም ለእኛ ለልጆች ጥሩ መግቢያ በር ነው።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ ራሱ ሲናገር የዓለም ብርሃን እርሱ እንደ ሆነ አስተምሯል። ደቀ መዛሙርቱንም እናንተ የዓለም ብርሃን ናችሁ ብሏቸዋል። ታዲያ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው? አይደሉም። እርሱ ብርሃን የሆነው በባሕርዩ ነው፤ እኛ ግን ከእርሱ ተቀብለን ነው። ጨረቃን ተመልከቱ። ሌሊት መንገድ ታሳያለች፤ ይሁን እንጂ የራሷ ብርሃን የላትም፤ ከፀሐይ የተቀበለችውን ታስተላልፋለች። የእኛም ሥራ እንደ ጨረቃ መቀበልና ማስተላለፍ ነው።

ይህን ሥራ በመጀመሪያ የሠሩት እነማን እንደ ሆኑ ታውቃላችሁ? እረኞች ናቸው። የሉቃስ ወንጌልን ምዕራፍ 2 ከቤተሰባችሁ ጋር አንብቡት። እረኞቹ በሌሊት በሜዳ መንጋቸውን ይጠብቁ ነበር። በድንገት የጌታ መልአክ መጣ፣ የጌታም ክብር በዙሪያቸው አበራ፤ እነርሱም እጅግ ፈሩ። መልአኩ ግን አትፍሩ አላቸው፤ ምልክትም ሰጣቸው። ምልክቱ ምን ነበር? የወርቅ ዙፋን ነውን? አይደለም። በመጠቅለያ የተጠቀለለ፣ በግርግም የተኛ ሕፃን ነው። ግርግም ለከብት ገለባ የሚቀርብበት ነው። የገጠር ልጆች የሆናችሁ ይህን ከእኛ ከከተማዎቹ በተሻለ ታውቁታላችሁ።

እረኞቹ ነገ እንሄዳለን አላሉም። ፈጥነው ሄዱ፣ አገኙት፣ ሰገዱለት፤ ከዚያም ስለ ሕፃኑ የተነገራቸውን ለሌሎች አወሩ። የሰሙትም ሁሉ ተደነቁ። እረኞቹ መጽሐፍ የተማሩ አልነበሩም። በከተማው ውስጥም ቃላቸው የሚከበር ሰዎች አልነበሩም። ያላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናገሩ። ከዚያም እግዚአብሔርን እያመሰገኑ ተመለሱ።

በዚያው ወራት ስለ ሕፃኑ ከእረኞቹ ይልቅ ሊያውቁ የሚገባቸው ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2ን ስታነቡ ታገኟቸዋላችሁ። ሰብአ ሰገል ኮከቡን ተከትለው ከምሥራቅ ወደ ኢየሩሳሌም መጡና የተወለደው ንጉሥ የት ነው? ብለው ጠየቁ። ሄሮድስ ደነገጠ፤ የካህናት አለቆችንና ጻፎችን ሰብስቦ ክርስቶስ የት እንደሚወለድ ጠየቃቸው። እነርሱም አልተሳሳቱም። ነቢዩ ሚክያስን ጠቅሰው በይሁዳ ቤተልሔም ነው ብለው መለሱ። ለፈተና ቢሆን ሙሉ ማርክ ያገኙ ነበር! ነገር ግን ቤተልሔም ከኢየሩሳሌም አሥር ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በእግር የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ሰብአ ሰገል ከሩቅ አገር መጥተው ያቺን መንገድ ሄዱ። መንገዱን ያሳዩአቸው ጻፎች ግን አብረዋቸው እንደ ሄዱ ወንጌሉ አይነግረንም። ጥያቄ መመለስ ለለመድን ለእኛ ለሰንበት ተማሪዎች ይህ የሚያስፈራ ነገር ነው። መልሱን አውቆ ከቤት አለመውጣት ይቻላልና።

ወደ አጥቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ በግቢው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ቤት ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ስሟ ቤተልሔም ይባላል። ለቅዳሴ የሚቀርበው ኅብስት የሚዘጋጀው በእርሷ ነው። ቤተልሔም ማለት የእንጀራ ቤት ማለት ነውና ስሙ በጣም ይስማማታል። ስለዚህ ቤተልሔም ለእኛ ሩቅ አገር ብቻ አይደለችም፤ በየአጥቢያችን አለች።

በአገራችን የልደት በዓል በልዩ ድምቀት ከሚከበርባቸው ቦታዎች አንዱ ላስታ ላሊበላ ነው። የቅዱስ ላሊበላ የልደት ቀንም በዚሁ በታኅሣሥ 29 ይታሰባል። ከአለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት በሚገኙበት በዚያ ቦታ ካህናቱ በሁለት ይከፈላሉ። እኩሌቶቹ ቤተ ማርያምን በከበበው ገደል አፋፍ ላይ፣ እኩሌቶቹ ከታች በቅጽሯ ይቆማሉ፤ ቤዛ ኵሉ የሚባለውን ዝማሬም እየተቀባበሉ ይዘምራሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔ ግን ይበልጥ እንድታስታውሱት የምፈልገው ሌላውን ነው። ለበዓሉ ብዙ ቀን በእግር ተጉዘው የሚመጡ ምእመናን አሉ። የላሊበላ ሰዎች እነዚህን የማያውቋቸውን እንግዶች ተቀብለው አቧራ የጠጣ እግራቸውን ያጥባሉ፣ ያላቸውን ያበላሉ፣ ማረፊያ ይሰጣሉ። በቤተልሔም ለእመቤታችንና ለዮሴፍ በእንግዳ ማረፊያ ስፍራ አልተገኘም ነበር፤ በላሊበላ ግን ለእንግዳ ስፍራ ይፈለጋል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። በልደት ሌሊት በቅጽሩ ቆማችኋል እንበል። ብርድ ነው፤ እንቅልፍም እየታገላችሁ ነው። ነፋስ መጣና አጠገባችሁ የቆመው ልጅ ጧፍ ጠፋ። ዘወር ስትሉ፣ ያ ልጅ ባለፈው ሳምንት በጨዋታ የተጣላችሁት፣ እስካሁንም ያላነጋገራችሁት ነው። እርሱም አይቶአችኋል፤ ነገር ግን አፍሮ አብራልኝ አይልም። ምን ታደርጋላችሁ? ሌላ ሰው ያብራለት ብላችሁ ፊታችሁን ትመልሳላችሁ?

ጧፍን ከሩቅ ሆኖ ማብራት አይቻልም። መጠጋት ያስፈልጋል። ጧፋችሁንም ወደ እርሱ ማዘንበል ይኖርባችኋል፤ ስታዘነብሉም ሰሙ በእጃችሁ ላይ ሊንጠባጠብና ጥቂት ሊያቃጥላችሁ ይችላል። ይቅርታም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠጋው ሰው ጥቂት ያመዋል። ጌታችን በወንጌል ያስተማረውን አስታውሱ፤ መባ ይዞ ወደ መሠዊያው የመጣ ሰው ወንድሙ የተቀየመበት መሆኑ ትዝ ቢለው፣ መባውን በዚያ ትቶ አስቀድሞ ሄዶ እንዲታረቅ አዝዟል። በቅዳሴውም ጊዜ ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላም እንድንባባል ያዝዘናል። ጠዋት ልትቆርቡ ከሆነ ያ ልጅ ጧፉ ጠፍቶ አጠገባችሁ ሊቆም አይገባም።

በዓሉ ከቅዳሴ በኋላም አያልቅም። በእናንተ ቤት በግ ታርዶ ይሆናል፤ ዶሮ ተሠርቶ፣ ድፎ ዳቦ ተደፍቶ ይሆናል። ከግቢያችሁ በር ማዶ ግን ዘንድሮ አባቱ የሞተበት ልጅ ይኖራል፤ እናቱ የታመመችበት፣ ወይም ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣ ይኖራል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ፣ ክርስቶስን በቤተ መቅደስ በሐር እያከበሩ በውጭ በብርድ ተራቁቶ ሲታይ ማለፍ እንደማይገባ ምእመናኑን ደጋግሞ ይገሥጽ ነበር።

ስትሰጡ ግን ተጠንቀቁ፤ ሰጥተን የምናሳፍረው ሰው አለና። ትርፉን ይዘንልህ መጣን አይባልም። በጓደኞቹ ፊትም አይሰጥም። ከእናታችሁ ጋር ሆናችሁ ሳህኑን ሸፍናችሁ ሂዱ፤ እንኳን አደረሳችሁ በሉ፤ አስቀምጣችሁም አትሩጡ፤ ተቀመጡና ተጫወቱ። የተራበ ሰው ምግብ ይፈልጋል፤ ብቻውን በዓል የሚውል ሰው ደግሞ ከምግቡ በፊት ሰው ይፈልጋል። ሙስሊም ጎረቤት ካላችሁም አትዝለሏቸው። ሥጋ አይወሰድላቸውም፤ እነርሱ የእኛን እርድ፣ እኛም የእነርሱን እርድ አንበላምና። ዳቦ ወይም ቆሎ ውሰዱላቸው፤ ለቡና ጥሯቸው። ልጃቸው ዛሬ ምንድን ነው የምታከብሩት? ብሎ ቢጠይቃችሁ ደግሞ አትከራከሩት፤ እንደ እረኞቹ የምታውቁትን በትሕትና ንገሩት።

እኛ ቤት የሚሰጥ ነገር የለም የሚል ልጅ ይኖር ይሆናል። እረኞቹም በወንጌሉ ስጦታ ይዘው እንደ ሄዱ አልተጻፈም። ውኃ መቅዳት ለማይችሉ እማሆይ አንድ ጀሪካን ውኃ ቅዱላቸው። ዓይናቸው ለደከመ አያት የልደቱን ታሪክ ከወንጌል አንብቡላቸው፤ እርሳቸው ታሪኩን ከእናንተ በላይ ሊያውቁት ይችላሉ፤ ቢሆንም አንብቡላቸው።

የቤት ሥራ

በዚህ ሳምንት ከወላጆቻችሁ ጋር ተመካክራችሁ በበዓሉ ቀን የምትሄዱበትን አንድ ቤት ምረጡ። የቤቱን ሰው ስም በደብተራችሁ አትጻፉት፤ ለክፍልም አትንገሩ። የሚከተሉትን ግን ለሚቀጥለው እሑድ ጽፋችሁ ኑ። ቤተልሔም ማለት ምን ማለት ነው? በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ያለችው ቤተልሔም አገልግሎቷ ምንድን ነው? የካህናት አለቆችና ጻፎች ለሄሮድስ የመለሱት ትክክል ሆኖ ሳለ ምን ጎደላቸው? የተጣላችሁት ልጅ ካለ ደግሞ ለእርሱ የምትመልሱት በጽሑፍ አይደለም፤ እስከ ልደት ሌሊት ጊዜ አላችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።