ዕዳው ሲከብድ ነጋዴው የትኛውን መንገድ ይምረጥ?

በየሳምንቱ በጋዜጦች ላይ የሚወጡትን የባንክ የሐራጅ ማስታወቂያዎች ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ሁለት ዓምዶች ጎን ለጎን ይታያሉ። አንደኛው «የተበዳሪው ስም» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «የአስያዡ ስም» ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ስሞች አይገጥሙም። ተበዳሪው ነጋዴው ሲሆን አስያዡ ግን እናቱ፣ ወንድሙ ወይም አማቱ ሆነው ይገኛሉ። ከስሞቹ ቀጥሎ ቤቱ የሚገኝበት ከተማና ቀበሌ፣ የቦታው ስፋት፣ የካርታው ቁጥርና የሐራጁ መነሻ ዋጋ ይሰፍራል።

አንድ ቤት እዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ግን ወራት ያልፋሉ። በእነዚያ ወራት ውስጥ በነጋዴው እጅ የነበሩት መውጫዎች አንድ በአንድ ይዘጋሉ። መውጫዎቹ የትኞቹ እንደሆኑ፣ እያንዳንዳቸውስ ምን እንደሚያስከፍሉ አስቀድሞ ያወቀ ነጋዴ ቢያንስ ተገድዶ ሳይሆን መርጦ ይገባባቸዋል።

የድሬዳዋ ነጋዴ ለዚህ ትምህርት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከተማዋ ራሷ የተወለደችው ዕዳ ካንገላታው ድርጅት እጅ ነው። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት የተቋቋመው የባቡር ኩባንያ ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ሲደርስ ካዝናው ተራቁቶ ነበር። ሐዲዱ ወደ ሐረር ሳይወጣ በተራራው ግርጌ የቀረውም ወጪው ስለከበደ ነው። ኩባንያው መጀመሪያ ከእንግሊዝ ባለሀብቶች፣ ቀጥሎም ከፈረንሳይ መንግሥት ገንዘብ ፈለገ። የፈረንሳይ መንግሥት ገንዘቡን የሰጠው በባቡሩ ላይ ሥልጣን ይዞ ስለነበር ጉዳዩ ምኒልክን እጅግ አስቆጣ። ሥራው ለዓመታት ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ቀረና ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1907 ከሰረ። በምትኩ የተቋቋመው የፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ ያንኑ ሐዲድ ተረክቦ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ አደረሰው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሐዲዱ አለመክሰሩ ነው። የከሰረው ሐዲዱን የሠራው ገንዘብ ነው። መስመሩ ባለቤት ለውጦ ለአሥርት ዓመታት ሠራ፤ ቀፊራም፣ ከዚራም፣ መጋላም በዙሪያው አደጉ።

ሥራው ነው የታመመው ወይስ ብድሩ?

በመሆኑም ዕዳ የከበደው ነጋዴ ባንክ ደጃፍ ከመድረሱ በፊት ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ይኸው ነው። ያለፉትን ስድስት ወራት ሽያጭ ይያዝ። ከዚያ ላይ የዕቃውን መግዣ፣ የሱቅ ኪራዩን፣ የሠራተኛውን ደመወዝ፣ ግብሩንና የቤቱን አስቤዛ ይቀንስ። የቀረው ገንዘብ ቢያንስ የብድሩን ወለድ የሚሸፍን ከሆነ ሥራው ጤነኛ ነው፤ የታመመው የመክፈያ ጊዜው ነው። የቀረው ወለዱን እንኳ የማይሸፍን ከሆነ ግን ጊዜ ማራዘም ቤቱን ቀስ አድርጎ መሸጥ ማለት ነው።

ብዙዎች የቤቱን አስቤዛ ከዚህ ስሌት ውስጥ ማስገባት ይረሳሉ። ከመሳቢያው በየቀኑ የሚወጣው የምሳ፣ የጫትና የእንግዳ ገንዘብ በዓመት ሲደመር ከሱቅ ኪራዩ የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

የገበያውም ሁኔታ መታየት አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደረሰ። ታይዋን ገበያ ውስጥ አሮጌውን ዕቃ በአሮጌ ዋጋ ሸጦ የጨረሰ ባለሱቅ በዚያው ገንዘብ መደርደሪያውን በግማሽ እንኳ መሙላት ያቅተዋል። እንዲህ ያለው ሰው አትርፎ የከሰረ ነው፤ መዝገቡ ትርፍ ያሳያል፣ ሱቁ ግን ባዶ ነው። ችግሩ የሥራ ማስኬጃ እጥረት ስለሆነ የጊዜ ማራዘሚያ ሊያድነው ይችላል።

ጊዜ ማራዘም

ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ 1,000,000 ብር ቀሪ ዕዳ፣ 18 በመቶ ዓመታዊ ወለድና 24 ወር የቀረው ጊዜ አለው እንበል። በየወሩ የሚከፍለው ወደ 49,900 ብር ሲሆን እስከ መጨረሻው የሚከፍለው ወለድ ወደ 198,000 ብር ይሆናል። ባንኩ ጊዜውን ወደ 60 ወር ቢያራዝምለት ወርኃዊ ክፍያው ወደ 25,400 ብር ይወርዳል፤ በግማሽ ቀለለ ማለት ነው። ነገር ግን ጠቅላላ ወለዱ ወደ 523,600 ብር ያድጋል። ነጋዴው ለእፎይታው ተጨማሪ 325,000 ብር ገደማ ከፈለ ማለት ነው። ዋጋው ውድ ነው፤ ሆኖም ቤቱንና ሱቁን የሚያተርፍ ከሆነ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ሥራው ሲያገግም ከተወሰነው በላይ በመክፈል ጊዜውን ማሳጠር ይቻል እንደሆነና ቅጣት እንዳለው ውሉ ከመፈረሙ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

አገሪቱም ራሷ በዚሁ መንገድ ሄዳለች። በድሬዳዋ የሚያልፈው አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በአብዛኛው ከቻይና በተገኘ ብድር የተሠራ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2018 የመክፈያ ጊዜው ከ10 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ስምምነት መደረሱ ተገልጿል። ዕዳው አልተሰረዘም፤ ጊዜው ረዘመ እንጂ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ደግሞ ኢትዮጵያ በ1 ቢሊዮን ዶላሩ ቦንድ ላይ የሚከፈለውን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ከአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ ጋር ከ8.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዕዳ ላይ በመርህ ደረጃ የተደረሰው ስምምነት ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ የክፍያ እፎይታ ያስገኛል ተብሏል። የጋራ ማዕቀፍ በተባለው አሠራር የዕዳ ሽግሽግ የተጠየቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ነበር። አራት ዓመት የፈጀ ድርድር ነው። መንግሥት አራት ዓመት ሊጠብቅ ይችላል፤ የቀፊራ ነጋዴ አይችልም።

ለነጋዴው ወሳኙ ቁጥር 90 ቀን ነው። ክፍያው 90 ቀን ያለፈበት ብድር በባንኩ መዝገብ ከታመሙት ብድሮች ጎራ ይገባል። ባንኩ ለዚያ ብድር መጠባበቂያ መያዝ ስለሚኖርበት ትዕግሥቱ ያጥራል፤ የተበዳሪው ስምም በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል በኩል ለሌሎች ባንኮች ይታያል። ሆኖም አብዛኛው ነጋዴ የብድር ኃላፊውን ስልክ ማንሳት የሚያቆመው በእነዚሁ የመጀመሪያ 90 ቀናት ውስጥ ነው። ሐፍረት ነው፤ ይገባል። ነገር ግን በሁለተኛው ሳምንት የስድስት ወር ሂሳቡን ይዞ የቀረበና በስድስተኛው ወር ማስጠንቀቂያ ደርሶት የመጣ ሰው ከአንድ ጠረጴዛ ፊት ቢቀመጡም የሚሰጣቸው መልስ አንድ አይሆንም።

ከሌላ ባንክ ተበድሮ የመጀመሪያውን መዝጋትም አንዱ አማራጭ ነው። ይሁንና ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ጣሪያ ከጣለ ወዲህ ይህ በር ጠበበ። ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢልም ባንኮች በዚያ ሁኔታ ያላቸውን ገንዘብ ለታመመ ብድር ማስታመሚያ ለመስጠት አይሽቀዳደሙም።

ቼክ የተያዘበት ብድር

ባንኩ እምቢ ሲል ነጋዴው የሚያንኳኳው ሦስተኛ በር የግለሰብ ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ በግለሰቦች መካከል ለሚደረግ የገንዘብ ብድር ከ12 በመቶ በላይ ዓመታዊ ወለድ መዋዋልን አይፈቅድም። ከ9 በመቶ የሚበልጥ ወለድ ደግሞ በጽሑፍ ካልሰፈረ የሚታሰበው 9 በመቶ ብቻ ነው። ባንኮች በዚህ ጣሪያ አይገዙም። አራጣ አበዳሪው ይህን ስለሚያውቅ ወለዱን በውል ላይ አያሰፍርም። 300,000 ብር ሰጥቶ የ400,000 ብር ቼክ ይቀበላል፤ ወለዱ በቼኩ ውስጥ ተደብቋል። ቀኑ ደርሶ ቼኩ በቂ ስንቅ የሌለው ሆኖ ከተመለሰ ጉዳዩ የዕዳ ጉዳይ መሆኑ ያበቃና የወንጀል ጉዳይ ይሆናል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያለ ስንቅ ቼክ የሚያወጣን ሰው በእስራት ይቀጣል፤ ከባድ በሆነ ጊዜም ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። አራጣም በዚያው ሕግ ወንጀል ነው፤ ነገር ግን ቼኩ በአበዳሪው እጅ ያለ ማስረጃ ሲሆን አራጣውን ማስረዳት የተበዳሪው ሸክም ይሆናል።

ስለዚህ ሱቁን ለማዳን ተብሎ የባንክ ዕዳን በቼክ ዕዳ መለወጥ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው። የባንኩ ዕዳ ቤት ይወስዳል፤ የቼኩ ዕዳ ሰውየውን ጭምር።

ዕቁብና ዱቤ የተለዩ ናቸው። ለጅምላ ሻጭ በዱቤ የሚከፈል ዕዳ ያለበት ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ በሽማግሌ ፊት ሊነጋገር ይችላል። ሻጩ ደንበኛውን ማጣት ስለማይፈልግ ጊዜ ይሰጣል፤ አንዳንዴም የተወሰነውን ይተዋል። በሕጉም ገንዘብ ጠያቂ ዕዳውን መተውና ባለዕዳውን ነፃ ማውጣት ይችላል። ሆኖም የተተወው መጠን በጽሑፍ ይሁን። የቃል «ተውኩልህ» ሰውየው ሲሞት ከወራሾቹ ጋር ይቀራል። ክፍያ ሲፈጸምም ደረሰኙ ላይ ለምን እንደተከፈለ ይጻፍ፤ አለበለዚያ የሚከፈለው ገንዘብ መጀመሪያ ለወጪ፣ ቀጥሎ ለወለድ ይታሰብና ዋናው ዕዳ ንክች ሳይል ይቀራል።

ራስ ሸጦ መክፈል

ከላይ በተጠቀሰው ስሌት ሥራው ራሱ የታመመ ሆኖ ከተገኘ መራራው ነገር ግን ርካሹ መንገድ ንብረቱን በፈቃድ መሸጥ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ከባንኩ ጋር በተደረገው ውል ይህ ሥልጣን ተሰጥቶ ከሆነ ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። በሁለተኛው ሐራጅ ገዥ ካልቀረበ ደግሞ ለመጀመሪያው ሐራጅ በተገመተው ዋጋ ራሱ ሊወስደው ይችላል። ሠላሳ ቀን ለቤት ገዥ መፈለጊያ ትንሽ ጊዜ ነው። ተጫራቹ የመነሻውን አንድ አራተኛ በሲፒኦ ይዞ እንዲቀርብ ስለሚጠየቅ ገዥው ጥቂት ነው፤ ጥቂት ገዥ ባለበት ዋጋ አይወጣም።

ማስጠንቀቂያው ሳይመጣ በፊት ግን ነጋዴው የባንኩን ስምምነት ይዞ ራሱ ገዥ ማፈላለግ ይችላል። ገዥው ዕዳውን በቀጥታ ለባንኩ ይከፍላል፣ ባንኩ እገዳውን ያነሳል፣ የቀረው ለባለቤቱ ይደርሳል። ድሬዳዋ ውስጥ ይህ ሲታሰብ የትዳር ጓደኛ ፊርማ አይረሳ። በከተማዋ ተፈጻሚ የሆነው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ ለማስያዝ የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ብድሩን ከሚስቱ ደብቆ የቆየ ነጋዴ ገዥ አግኝቶ እዚህ ላይ ሲሰናከል ወሩ ያልቃል።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ሌላም መንገድ ከፍቷል። በ1952ቱ ሕግ ክስረት የንግዱ ቀብር ሆኖ ይታይ ነበር። አዲሱ ሕግ ነጋዴው ክፍያ ከማቆሙ በፊት ከገንዘብ ጠያቂዎቹ ጋር ተደራድሮ ዕዳውንና ሥራውን መልሶ የሚያደራጅበት ሥርዓት አስገብቷል። ብዙ ገንዘብ ጠያቂዎች ላሉትና ሥራው ለሚድን ድርጅት ይጠቅማል። አንድ ባንክና አንድ ቤት ብቻ ላለው ባለሱቅ ግን የጠበቃውና የባለሙያው ወጪ ከጥቅሙ ሊበልጥ ይችላል።

ዋሶችን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። የዋስትና ውል ዋሱ የገባበትን ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልጠቀሰ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ዋሱ ፊርማውን ከማሰብ በፊት ወረቀቱን አውጥቶ ቁጥሩን ይመልከት። ከሐራጁ የተገኘው ገንዘብ ከዕዳው ከበለጠ ትርፉ ለንብረቱ ባለቤት ይመለሳል፤ ካነሰ ባንኩ ለጎደለው ተበዳሪውን መጠየቁን ይቀጥላል፣ ዋሱንም እስከ ፈረመበት መጠን ይደርስበታል። የከፈለ ዋስ በበኩሉ የከፈለውን ከተበዳሪው መልሶ የመጠየቅ መብት አለው።