ለፋይናንስ ሁለተኛ ዲግሪ ከማመልከት በፊት ዕድልን ስለ መመዘን

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ የሚገኝ ነጋዴ ልጁን ወይም ታማኝ የሒሳብ ሠራተኛውን በፋይናንስ ሁለተኛ ዲግሪ ለማስተማር ሲያስብ፥ ነገሩ የክብር ብቻ ሳይሆን የካፒታልም ጉዳይ ነው። በ2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ስለ ጀመረ ለዚህ ዕውቀት አዲስ መስክ ተከፍቷል። ነገር ግን ተማሪው ከሒሳብ መዝገቡ ይለያል፤ የትምህርቱና የኑሮው ወጪም ከዕቃ መግዣው ገንዘብ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ የመግባት ዕድሉን አስቀድሞ በቅን ሚዛን መመዘን ይገባል።

በመጀመሪያ ለመወዳደር የሚያበቃውን መለኪያ ለመመረጥ ከሚያበቃው መለየት ያስፈልጋል። ይህን የዋግ ነጭ ማር ነጋዴ ያውቀዋል። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ መሠረት በማር ውስጥ ያለው ውሃ በጠቅላላው ከመቶ 20 እጅ መብለጥ የለበትም። ይህን ያሟላ ማር ለገበያ ይቀርባል እንጂ ገዢ አገኘ ማለት አይደለም፤ ገዢው ከሌላው ጋር አስተያይቶ ይመርጣልና።

የትምህርቱም ነገር እንደዚሁ ነው። በአገራችን በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪ መውጫ ፈተና ተጀምሯል፤ ማለፊያውም ከመቶ 50 ነው። ከ2016 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ደግሞ ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ተደንግጓል። እነዚህን ማለፍ በሩን ያስከፍታል፤ የአዲስ አበባ ወይም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግና ፋይናንስ ክፍል ወንበር ግን በቍጥር የተወሰነ ነው።

ወደ ውጭ አገር የሚያመለክት ሰው ብዙ ጊዜ ጂማት የተባለውን ፈተና ይፈተናል። ውጤቱ ከ205 እስከ 805 ሲሆን ለአምስት ዓመት ያገለግላል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የተቀበሏቸውን ተማሪዎች መካከለኛ ውጤት ያስታውቃሉ። ከተቀበሏቸው ገሚሶቹ ከዚያ በታች ያመጡ ስለ ሆኑ፥ ያ ቍጥር የማለፊያ ወሰን አይደለም፤ ከእርሱ መብለጥም ዋስትና አይሆንም።

ከፈተናው ሌላ የሒሳብ፥ የስታቲስቲክስና የኢኮኖሚክስ ነጥብ ለብቻው ይታይ። የሥራ ልምድም በቍጥር ይገለጽ፤ «በሱቅ ሠራሁ» ከማለት ይልቅ ስንት ደንበኛ በዱቤ እንደ ተመዘገበና ስንቱ ዕዳ እንደ ተሰበሰበ መጻፍ ይበልጣል። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ትምህርቱ የተቋረጠበትም ወራቱን ጠቅሶ በአጭሩ ያስረዳ።

ከዚህ በኋላ ትምህርት ቤቶቹን በሦስት መክፈል ነው፤ ውጤቱ ከተለመደው የሚበልጥበት፥ የሚስተካከልበትና የሚያንስበት። ከመጀመሪያው ወገን ቢያንስ አንድ ሳይኖር ማመልከት ዕቃን ሁሉ በአንድ መኪና እንደ መጫን ነው። ወጪውን መሸፈን የማይቻልበት ትምህርት ቤት ግን ቢቀበልም ከዝርዝሩ ይውጣ። ሚዛኑ ጐድሎ የተገኘ እንደ ሆነ፥ አንድ ዓመት በሥራው ቆይቶ ለፈተናው መዘጋጀት ካፒታሉንም ተስፋውንም ይጠብቃል።