ከተጠራቀመ ድምር የየወሩን ሽያጭ ስለ ማውጣት

በብዙ የንግድ ቤቶች የሽያጭ መግለጫ የሚዘጋጀው፥ ከበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ከሐምሌ 1 ቀን አንሥቶ መግለጫው እስከሚወጣበት ወር መጨረሻ ድረስ ያለውን ሽያጭ በመደመር ነው። ይህ ድምር የዓመቱን ሥራ በአንድ ቁጥር ስለሚያሳይ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሽያጭ እስካለ ድረስ፥ ገበያው ቢቀዘቅዝም እንኳ፥ ማደጉን አይተውም። ስለዚህ ድምሩን ብቻ የሚመለከት ነጋዴ ንግዱ የደከመበትን ወር ሳያውቀው ያልፋል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ይኸውም ከወሩ ድምር ላይ ያለፈውን ወር ድምር መቀነስ ነው። ለምሳሌ ያህል የአንድ ጨርቃ ጨርቅ አስመጪ የተጠራቀመ ሽያጭ እንደሚከተለው ቢሆን፦

እስከ ሐምሌ መጨረሻ 40,000 ብር
እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 75,000 ብር
እስከ መስከረም መጨረሻ 135,000 ብር
እስከ ጥቅምት መጨረሻ 180,000 ብር
እስከ ኅዳር መጨረሻ 210,000 ብር
እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ 230,000 ብር

ቅነሳው ሲሠራ የሐምሌ ሽያጭ እንዳለ 40,000፥ የነሐሴና የጳጉሜን 35,000፥ የመስከረም 60,000፥ የጥቅምት 45,000፥ የኅዳር 30,000፥ የታኅሣሥ 20,000 ብር ሆኖ ይገኛል።

አስመጪው 230,000 ብርን ለ6 አካፍሎ «በየወሩ ከ38,000 ብር በላይ እሸጣለሁ» ቢል፥ በዚሁ ተማምኖ በባንክ ብድር አዲስ ዕቃ ሊያዝ ይችላል። ዕቃው መጋዘን ውስጥ ሲቀመጥ ወለዱ ግን መቈጠሩን አያቋርጥም። የየወሩን ሽያጭ ቢያወጣ ኖሮ መቀነሱን በጥቅምት ባየው፥ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ትእዛዙን አስቀድሞ በቀነሰ ነበር።

በሥራው ላይ የሚከተሉት ይታሰቡ።

1ኛ/ ሐምሌ አዲስ የበጀት ዓመት ስለሆነ፥ የሰኔው ድምር ከሐምሌ ላይ አይቀነስም።

2ኛ/ የአንድ ወር መግለጫ ቢጐድል፥ በቅነሳ የሚገኘው የሁለት ወር ሽያጭ በአንድነት ነው። ለሁለት ቢከፈል ግምት እንጂ እውነተኛ ሒሳብ አይሆንም።

3ኛ/ የተመለሰ ዕቃ ወይም የታረመ ስሕተት በኋላ ወር ድምር ውስጥ ቢገባ፥ የዚያን ወር ሽያጭ ያለአግባብ ያሳንሰዋል ወይም ያበዛዋል። እርማቱ ስሕተቱ ወደ ተነሣበት ወር ይመለስ።

4ኛ/ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ሲደመር ቀኑ 35 ወይም 36 ስለሚሆን፥ ከሌላው ወር ጋር ለማስተያየት ሽያጩን በቀን ማካፈል ይገባል።

5ኛ/ መስከረም የዘመን መለወጫና የመስቀል በዓል ያለበት ስለሆነ፥ ከእርሱ በኋላ ሽያጭ ቢቀንስ ሁልጊዜ የንግድ ድካም ምልክት አይደለም። ቁርጡ የሚታወቀው ወሩ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ሲመዛዘን ነው።

በመጨረሻም የወሮቹ ሽያጭ በሙሉ ተደምሮ ከመጨረሻው የተጠራቀመ ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ከላይ በተሰጠው ምሳሌ 230,000 ብር ይመጣል። እኩል ካልሆነ ግን፥ ዕቃ ከመታዘዙ አስቀድሞ መዝገቡ እንደገና ይመርመር።