ዓይንን የሚያታልል ሸክላ

ዓይን የሚያየው ሁሉ እንዳለ ነውን? ይህን ለተማሪ በቃል ከመንገር የሚዳሰስ ነገር አቅርቦ ማሳየት ይበልጣል። የትምህርት መርጃ መሣሪያውም ከጭቃ ይሠራል።

ቀላሉን እናስቀድም። ቁመቱና የሆዱ ስፋት እኩል የሆነ እንስራ አቁማችሁ «የቱ ይረዝማል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ ቁመቱ ነው ሊሉ ይችላሉ፤ በገመድ ሲለካ ግን እኩል ይሆናል። ዓይናችን የቆመውን መሥመር ከተጋደመው አስረዝሞ ያያልና።

ዋናው ግን ሌላ ነው። የዴንማርኩ የሥነ ልቡና ሊቅ ኤድጋር ሩቢን በ1915 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የታወቀ አንድ ሥዕል አለ። አንዴ ማሰሮ፣ አንዴ ደግሞ የተፋጠጡ ሁለት ሰዎች ሆኖ ይታያል። ሁለቱን ባንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት ያስቸግራል፤ አእምሯችን ድንበሩን ለአንዱ ወገን ሲሰጥ የቀረው ባዶ ቦታ ሆኖ ይቀራልና። በ1977 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ 25ኛ የንግሥና ዓመት በዚሁ ዘዴ የሸክላ ዕቃ ተሠርቶ ነበር፤ በአንድ ጎኑ የንግሥቲቱ፣ በሌላው የባለቤታቸው መልክ ይታያል። ጎኖቹ ስለሚለያዩ ከሁሉም አቅጣጫ አይሠራም። የእኛ ክብ ስለሚሆን ከየትም ቢታይ ያው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በካርቶን ላይ የሰው ፊት በጎን ሥላችሁ ቁረጡ። ጭቃው ዋልካ ከበዛበት ሲደርቅ ይሰነጠቃልና የተፈጨ ገል ደባልቁበት። ጥቅሉን ባንዱ ላይ አንዱን እየደረባችሁ ከሠራችሁ በኋላ ካርቶኑን አስጠግታችሁ ዕቃውን ቀስ እያላችሁ አዙሩት። አፍንጫው ወደ ውስጥ ስለሚገባ ዕቃው እዚያ ላይ ይቀጥናል፤ ስለዚህ የታችኛው ክፍል ጠጠር ሳይል የላይኛውን አትጫኑበት። በጥላ ሥር በደንብ ሳይደርቅም እሳት አይንካው፤ ውስጡ የቀረው ውሃ ተን ሆኖ ይሰነጥቀዋል። ክረምት ላይ መታገሥ ያስፈልጋል። ከእሳት እንደወጣ በገለባ ቢታፈን ይጠቁራል፤ በነጭ ግድግዳ ፊት ሲቆም ፊቶቹ ቁልጭ ብለው ይወጣሉ።

ይህን ሁሉ ከእኛ ይልቅ የሚያውቁት ያለ መንኰራኩር በእጃቸው የሚሠሩት ሸክላ ሠሪ እናቶች ናቸው። ሰው ግን በሸክላቸው ወጡን እየሠራ እነርሱን «ቡዳ» ይላል፣ ዓይናቸውን ይፈራል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን አዋጁን አልፎ ልጆቻቸው ከተቀመጡበት ክፍል ድረስ ገብቷል። እንግዲህ ከእነዚህ እናቶች አንዷን ወደ ክፍል ጋብዙ። «አንቺ» ሳይሆን «እርስዎ» በሏቸው፤ ልጃቸው ትስማ። ዋጋውንም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ዕቃው እሳት ውስጥ ቢሰነጠቅም ድካማቸው ይከፈል።