በሁለት ሩቅ የአውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ስላለው ርቀትና ጊዜ

አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ ልጃቸው ከአሜሪቃ የምትገባበትን ሰዓት በወረቀት ተጽፎ ቢያዩት እሑድ 8 ሰዓት ይላል። ምሳቸውን በልተው ከቀትር በኋላ ወደ አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ቢሄዱ፥ ልጂቱን ከጧት ጀምራ በሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ አገኟት። የፈረንጅ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፤ የኛ ግን ከንጋት። ስለዚህ የፈረንጅ ጧት 8 ሰዓት 6 ሲቀነስለት የኛ 2 ሰዓት ነው። ይህን የሚነግራቸው ሰው አላገኙምና በእርሳቸው አይፈረድም። በየመንደሩ ልጁን በባሕር ማዶ ያኖረ ወላጅ ስላለ፥ መምህራን ሒሳቡን አጥርተው ሊያውቁት ይገባል።

በመጀመሪያ ርቀቱን እንመልከት። ዳለስ ከሚባለው ከዋሽንግተን ማረፊያ እስከ አዲስ አበባ ቦሌ 11,500 ኪሎሜትር ያህል ነው። ይህ ቍጥር በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ አይገኝም፤ ምድር ክብ ናትና። ሉል ያለው መምህር በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ይወጥር፤ ክሩ ከዋሽንግተን ተነሥቶ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ጎበጥ ብሎ አትላንቲክን ሲሻገር ይታያል። ሉል የሌለውም በብርቱካን ሊያሳይ ይችላል።

አውሮፕላኑ ከፍ ብሎ ሲበር በ1 ሰዓት 900 ኪሎሜትር ያህል ይሄዳል። 11,500 ለ900 ቢካፈል 12 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ገደማ ይሆናል፤ ስለ መነሣትና ስለ ማረፍ ጥቂት ቢጨመርበት 13 ሰዓት ያህል ነው።

ታዲያ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው ስለ ምን ይዘገያል? ርቀቱ ያው ነው። አንደኛው ምክንያት ነፋስ ነው። ከምድር 10 ኪሎሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ፤ ፍጥነቱም ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ100 ኪሎሜትር ይበልጣል። ወደኛ የሚመጣውን ይገፋዋል፥ ከኛ የሚሄደውን ይቃወመዋል። ሁለተኛው የአገራችን ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ዳለስ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በቦሌ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል፤ አየር ሲሳሳ ክንፉም የማንሣት ኀይሉ፥ ሞተሩም ጕልበቱ ያንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሰውና ዕቃ ሞልቶ ለሩቅ መንገድ የሚበቃውን ነዳጅ ሁሉ ጭኖ ለመነሣት ይቸግረዋል። በዚህም ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ በመንገድ እያረፈ ነዳጅ ይቀዳል፤ በልዩ ልዩ ዓመታት ደብሊንና ሎሜ ማረፊያ ሆነውታል። ከነማረፊያው ጕዞው 17 ሰዓት ያህል ይፈጃል።

አሁን ወደ ሽማግሌው ልጅ እንመለስ። ፀሐይ በ1 ሰዓት 15 የኬንትሮስ መስመር ታልፋለች፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል 116 ያህል አለ። ስለዚህ የሰዓታቸው ልዩነት በክረምታቸው 8 ነው፤ በበጋቸው ሰዓታቸውን አንድ ስለሚያስቀድሙ 7 ይሆናል። ልጂቱ በክረምታቸው ቅዳሜ ጧት በፈረንጅ 11 ሰዓት ከዋሽንግተን ተነሣች። 13 ሰዓት ስትበር በዚያ እኩለ ሌሊት ሆነ። 8 ቢጨመር በአዲስ አበባ እሑድ በፈረንጅ 8 ሰዓት፥ በኛ ጧት 2 ሰዓት ነው።

ተማሪዎችም የመልሱን ጕዞ ይሞክሩ፤ በዚያው ወራት ቅዳሜ ሌሊት በኛ 4 ሰዓት ተኩል ከቦሌ የተነሣ፥ 17 ሰዓት ቢጓዝ፥ በዋሽንግተን የሚደርሰው እሑድ ጧት በኛ አቈጣጠር 1 ሰዓት ተኩል ነው።